ሁለተኛው ማኅተም

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ ውሸታሞች ተባልን። በአሥራ አንድ ገጽ፣ በጥሩ ወረቀት።

ያነበበችልን ልጃችን ናት። የዚህን አገር ቋንቋ ከእኛ ቀድማ ስለያዘችው፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የቤቱ አንባቢ ሆናለች። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ በጣቷ መስመር እየተከተለች፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች ነገረችን። የጥገኝነት ጥያቄያችን ውድቅ ሆኗል። «የአመልካቹ ተአማኒነት ተጓድሏል» ይላል። ቃሉን ከስልኳ ፈልጋ ነው ያገኘችው።

«ምን ማለት ነው?» አላት አባቷ።

«አላመኑንም ማለት ነው አባዬ።»

ይኸው በሁለት ቃል አለቀ። አሥራ አንድ ገጽ ምን አስፈለገ?

የባሌን ቀኝ እጅ አይተው ሦስቱ ጣቶች የተሰበሩት «በሥራ መሣሪያ አደጋም ሊሆን ይችላል» አሉ። እኔና እሱ ለየብቻ ተጠይቀን የሰጠነው ቃል አንድ ቦታ ላይ አይገጥምም አሉ። እሱን ተዪው። ደሜን ያፈላው የመጥሪያው ነገር ነው።

ባሌ ማኅተም ቀራጭ ነው። ነበር። ላስቲኩን በምላጭ እየፈለፈለ፣ ጽሑፉን ገልብጦ እያወጣ፣ የከተማችንን መሥሪያ ቤት ሁሉ ማኅተም በእጁ የሠራ ሰው። ቃላችንን የተቀበለችው ጠያቂ፣ የአገራችን ፖሊስ የላከበትን መጥሪያ አሳየችውና «ይህ ሰነድ እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» አለችው። «ፖሊስ በእጄ ሰጥቶኝ» ቢል ምን ነበረበት? ሰውዬው ደረቱን ነፍቶ ምን አለ፦ «እውነተኛ ነው። ማኅተሙን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። መሀሉ ላይ ካለው ኮከብ ጫፎች አንዷ አጠር ያለች ናት፤ ያን ቀን ምላጬ አምልጦኝ ነው።»

እሷም ጻፈቻት። «አመልካቹ ይህንኑ ማኅተም የመሥራት ሙያ እንዳለው በራሱ አንደበት አረጋግጧል።» ስለዚህ መጥሪያውንም እሱ ሠርቶታል ማለት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ግን ቅርጫቱን ያቀበላት ማን ሆነና?

«ምነው ዝም ብትል?» አልኩት።

«ጠየቀችኝ እኮ። እውነቱን ነገርኳት።»

እውነቱን! በሥራው መኩራት ቤተሰቡን ገደል ከተተው፣ እሱ ግን እስከ አሁን የሚቆጨው የኮከቧ ጫፍ ማጠሯ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

የምሳ እረፍት። ማጠቢያ ቤቱ ይጮኻል። ዛሬ የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ጠርዙ ሳይገጥም ቀርቶ አለቃዬ ሁለቴ ፈታ መለሰችልኝ። ለይግባኝ አሥራ አራት ቀን ሰጥተውናል። አሥራ ሦስት። ሌሊቱን ጀርባዬን ሰጥቼው አደርኩ። ጣቶቹ በብርድ አመውት ሲያቃስት ይሰማኛል፤ አልዞርኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ከጠበቃችን ዘንድ ዋልን። ቢሮዋ ከጫማ መሸጫ በላይ ነው፤ ወንበር ላይ ሁሉ ፋይል ስላለ አስተርጓሚው ቆሞ ነው የሠራው። የአገራችን ልጅ ነው፣ ሥርዓት ያለው። «አይዞአችሁ» አለን ሳንቀመጥ። ስንት ሰው አይዞህ ብሎ እንደሸኘ እግዜር ይወቅ።

ጠበቃዋ ባለጌ አይደለችም። ግን ፊት ለፊት ትጠይቃለች። «ባለቤትዎ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱን ሁለተኛ ማኅተም ቅረጽ በተባልኩ ዕለት ማታ ለሚስቴ ነገርኳት፣ ምንም አላለችኝም ብለዋል። እርስዎ ደግሞ ምንም አልነገረኝም ብለዋል። የትኛው ነው?»

«አልነገረኝም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልኩ። አስተርጓሚው ይህን በእነሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚለው ቸግሮት አጭር ነገር ተናገረ። ባሌ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ምን አለበት ቀና ቢል? ሲያቀረቅር እኮ ነው ሰው የሚጠረጥረው።

የሚያስታውሱትን ሁሉ ለየብቻ ጻፉልኝ ብላናለች። ለየብቻ። እንደ ተማሪ እንዳንኮራረጅ መሆኑ ነው።

እሁድ፣ ጥር 12

በንጹሕ ወረቀት ከመገልበጤ በፊት እዚህ ልሞክረው።

ከመሬት ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዎች ሱቁ ድረስ መጡ። ድሮ የሠራላቸውን ማኅተም ቁርጥ የሚመስል ሁለተኛ ቅረጽልን አሉት። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ማኅተም ነው ያለው። ሁለተኛ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚፈልገው ማንም አያጣውም። እምቢ ካልክ የሱቅህን ፈቃድ አናድስም አሉት። እሱም ላስብበት አለ። ማታ ቤት ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ራት ቀረበ፣ አልበላም። እኔም

እኔም ምንም አላልኩም፤ ምክንያቱም ምንም አልነገረኝም።

በሳምንቱ ቀረጸላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰፈራችን ውስጥ አዳዲስ የቤት ካርታዎች ብቅ ብቅ አሉ። የመጀመሪያዋ ተጎጂ እማማ በራፍ ሆኑ። ከበራፋቸው ስለማይነሱ ነው እንዲያ የምንላቸው። ላላፊ አግዳሚው ሁሉ መራቂ፣ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጸጉር ሠሪ ነበሩ፤ የእኔንም ልጅ እስክታድግ ድረስ የሠሯት እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ቤትዎ የሌላ ሰው ነው ተባሉ። የሰጧቸውን የአዲሱን ካርታ ቅጂ ባሌ ዘንድ አምጥተው «አንተ ልጄ፣ ማኅተም ታውቃለህ፤ ይቺ ነገር እውነት ናት?» አሉት። የገዛ እጁን ሥራ አየ። ኮከቡ ሙሉ ነበር፤ እንደ ፖሊሱ ማኅተም ምላጩ አላመለጠውም።

የሚቀርጸውን ሁሉ ቀድሞ ደብተር ላይ አትሞ ቀኑን የሚጽፍ ሰው ነው። ሁለቱም ማኅተሞች እዚያ ላይ አሉ፣ ጎን ለጎን። ደብተሩን ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ማንንም ሳያማክር። በሦስተኛው ቀን ፖሊሶች ወሰዱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲለቁት ጣቶቹ ተሰብረው ነበር። ከዚያ በወሩ «ሐሰተኛ ማኅተም በመሥራት» የሚል መጥሪያ መጣ። በሳምንቱ ወጣን። ደብተሩ ፍርድ ቤት ጠፋ ተባለ።

እማማ በራፍ በጎረቤት ጓዳ ክረምቱን አልወጡትም።

ይህን ሁሉ ጻፍኩ፣ እጄ አልደከመም። ያቺ የራት ሰዓት ላይ ስደርስ ብቻ እስክሪብቶው ይጎተታል።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ከሥራ ስመለስ የጋራ ማድ ቤት ውስጥ ጎረቤታችን በስልክ ታወራለች። እሷም እንደኛው ናት፤ ወረቀቷን ባለፈው ዓመት አግኝታለች። «ማኅተም ሠሪው እኮ! ለሱማ ምን ያስቸግረዋል፣ የራሱን መኖሪያ ፈቃድ አይቀርጽም?» ብላ ከትከት ብላ ሳቀች። ድስቱን ምድጃው ላይ አጋጭቼ አስቀመጥኩት። «ውይ፣ እህቴ፣ አላየሁሽም» አለችኝ። ብታዪኝ ኖሮ በሹክሹክታ ትስቂ ነበር አላልኳትም። ማለት ነበረብኝ።

እሁድ፣ ጥር 19

ዛሬ ልጅቷ ማጥፊያ ላስቲኳንና የአባቷን አሮጌ ምላጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ የኔን ስም ቅረጽልኝ።»

«ተይኝ እስቲ ልጄ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ያዘ። ሦስቱ ጣቶች አይታጠፉም፤ ምላጩን በአውራ ጣቱና በመዳፉ ነው የጨበጠው። ላስቲኩን ወጋው፣ አመለጠው፣ እንደገና ወጋው። ዘመኑን ሙሉ ትንፋሹን ይዞ የሚሠራ ሰው፣ ዛሬ እንደ ሯጭ ይተነፍሳል። ግራ እጁን ሲቆርጠው ልጅቷ ምላጩን ነጠቀችው። «በዚህ እጅ ነው መጥሪያ የሠራው? መጥሪያው የመጣው እኮ ጣቱ ከተሰበረ በኋላ ነው! ቀኑን አያነቡም እንዴ?» ብላ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተነሳች።

እኛ ሁለት አዋቂዎች፣ ጠበቃዋም ጭምር፣ ይህን አላየነውም። ልጅ ናት ያየችው። ተናድጄም ቢሆን ኮራሁባት።

ሰኞ፣ ጥር 20

ይግባኙ ገባ። የመጨረሻው ቀን፣ ሊዘጉ አርባ ደቂቃ ሲቀረው።

ሐሙስ፣ ጥር 30

ጠበቃዋ የላከችን የአጥንት ሐኪም ጻፈልን። የሥራ መሣሪያ ቢሆን የሚደፈጥጠው አንድ ላይ፣ በአንድ መስመር ነው፤ እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻ፣ ወደተለያየ አቅጣጫ ነው የተሰበሩት ብሏል። በዚህ እጅ ቀጭን ሥራ አይሠራም የሚልም አክሏል። ጠበቃዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። «ጣቶቹም መጥሪያውም መልክ ያዙ» አለችና ወደኔ ዞረች። «አሁን የቀረው የእርስዎ ነገር ብቻ ነው።»

የእኔ ነገር! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ማኅተም እኔ ቀረጽኩ? ኮከብ አውቃለሁ ብዬ እኔ ተመጻደቅሁ?

ሰኞ፣ የካቲት 4

ባሌ ትናንት ከእራት በኋላ፣ ልጅቷ ስትታጠብ፣ ቀስ ብሎ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት እላለሁ» አለኝ። «ነግሬያታለሁ ያልኩት ተምታቶብኝ ነው፣ አልነገርኳትም እላለሁ። ያኔ ቃላችን ይገጥማል።»

እሺ አልኩት። ወዲያው ነው ያልኩት። ሳልጽፈው እንዳላልፍ ነው የምጽፈው።

ዛሬ በስልክ ለጠበቃዋ ነገርናት። በፍጹም አለች። ዋናው ምስክር እሱ ነው፤ እሱ ቃሉን ከለወጠ የቀረውም ሁሉ አብሮ ይወድቃል። «ደግሞም እውነት ካልሆነ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ላቀርብ አልችልም» አለች። አስተርጓሚው ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

የሚያናድደኝ ደግነቱ ነው። ቢጮኽብኝ፣ ቢሰድበኝ እመልስለት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን አላነሳብኝም። ለጠያቂዋ እንኳን «ምንም አላለችኝም» ብሎ ነው ያለፈኝ። ማን ሸፍነኝ አለው? እኔ አላልኩትም።

እሁድ፣ የካቲት 10

ልብስ እያጣጠፍን ነበር፣ እኔና ልጅቷ።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ አይዋሽም» አለችኝ።

«ማን ይዋሻል አለ?»

«ለመርማሪ እንኳን መዋሸት ያቃተው ሰው ነው። ማኅተሙን እኔ ቀረጽኩት ያለ ሰው፣ ነገርኳት ካለ ነግሮሻል። አንቺ ለምን አልነገረኝም አልሽ?»

«ዝም በይ! የሰው ነገር አንብበሽ የተማርሽው ይሄን ነው?» አልኩና የያዝኩትን ሸሚዝ ወረወርኩባት። አነሳችው፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው፣ ወጣች። እጇ የአባቷ ነው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ታገጥማለች።

እሺ። ልጻፈው።

ነግሮኛል። ራቱን ገፋ አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረኝ። «ይሄ ነገር የሰው ቤት ይነጥቃል» አለኝ፤ በዚሁ ቃል። ምንም አላልኩም? የት አባቴ! «ቅረጽላቸው» አልኩት። «ላስቲክ ነው። ላስቲክ ሰው አይገድልም። ሱቁ ተዘግቶ ልጅህን ምን ልታበላት ነው?» አልኩት። አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ፣ ጠዋትም ማታም፣ «ቀረጽክላቸው?» እያልኩ ነዘነዝኩት። ያደረገው እኔን ፈርቶ ነው እንጂ እነሱን ፈርቶ አይደለም። እነሱን የማይፈራ መሆኑንማ በኋላ አሳየ።

እማማ በራፍ ያንን ካርታ ይዘው ሲመጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። «ተባረኪ ልጄ» አሉኝ።

ለጠያቂዋ አልነገረኝም ያልኩት አስቤበት አይደለም። ሴትየዋ ቀና ብላ «እርስዎስ ምን አሉት?» ብላ ስትጠይቀኝ አፌ አመጣው። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ብቻዬን ጠበቃዋ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኳት። አስተርጓሚው እኔን ላለማየት መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። እሷ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወረቀቷን ሳበችና «ቀኑን ታስታውሻለሽ ወይ በላት» አለችው። የኃጢአቴን ቀን።

ችሎት ላይ ራሴ ነው መናገር ያለብኝ። ሊያምኑኝም ላያምኑኝም ይችላሉ። «አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሁለተኛውን ቃሉን ለምን እንመን ሊሉ ይችላሉ» አለችኝ። ዋሽቼ አልታመን፣ እውነት ተናግሬ አልታመን። ታዲያ የትኛዋን ምላስ ይዤ ልምጣ?

ለልጅቷ አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ተናገርኩ።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ ማሞቂያው ከወንበሬ ጀርባ ስለሆነ ላብ በላብ ሆንኩ። ልጅቷ ውጭ ኮሪደር ላይ እንድትጠብቅ ተደረገ። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ የምናገረውን በራሷ አፍ «እኔ» እያለች ነው የምታዞረው። «እኔ ነኝ ቅረጽላቸው ያልኩት» አልኩ። እሷም አለችው። በሁለት ሴት አፍ፣ በሁለት ቋንቋ ሲባል ሰማሁት።

የስደተኞች መሥሪያ ቤቱ ወኪል ጎልማሳ ነው፣ እስክሪብቶ የሚያንኳኳ። «ታዲያ ያኔ ዋሽተዋል?»

«ዋሽቻለሁ።»

«አሁን እውነት እየተናገሩ መሆኑን በምን እናውቃለን?»

ከጥር ጀምሮ የተከማቸው ወጣ። «ጌታዬ፣ ውሸት ብፈልግ የሚያምርልኝን አልመርጥም ነበር? ይሄን ማን ይመርጣል? ቤታቸውን ያጡት እናት ልጄን ያሳደጉ ናቸው! እንዳይቀርጽ ለመንኩት ብዬ ብዋሽ አያምርም ነበር?» ጮኼ ነው የተናገርኩት። አስተርጓሚዋ አልጮኸችም፤ ዳኛው ግን የእኔን ፊት ነበር የሚያየው። እስክሪብቶውም ዝም አለ።

ስንወጣ ባሌ ደረጃው ላይ «ምን አስፈለገሽ?» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል! እስከ ዛሬ ዝም ስላልክ እኮ ነው!»

ልጅቷ ሮጣ መጥታ «ምን አሉ? ምን ጠየቁሽ?» አለችኝ። «ያንኑ ነው» አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ሥራ ዋልኩ። አንሶላ ብቻ። ማንም አላናገረኝም፣ ደግ።

እሁድ፣ መጋቢት 8

ፖስታ የለም። ባሌ በቀን ሦስት ጊዜ ሳጥኑን ይከፍታል። ፖስታ በእሁድ አይመጣም ብለው፣ «ምናልባት ትናንት አምልጦኝ ከሆነ» አለኝ። ስቄ ደግሞ ተናደድኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

መጣ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እስክትገባ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ብንከፍተውስ ማን ሊያነበው።

የመጨረሻውን ገጽ ቀድማ ገልጣ «ተቀብለውናል!» ብላ ጮኸች። ባሌ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ በሩ ላይ እልል አለች፤ ምን ላድርግ፣ ሳምኳት።

በሩ ሲዘጋ ባሌ «በይ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ምን እንዳሉኝ ልስማ» አለ። ባነበበች ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ጣቶቹን አመኑ። መጥሪያውን አመኑ፤ በዚያ እጅ ሊሠራው አይችልም አሉ። «ሙያውን በሐቀኝነት መናገሩ ለታማኝነቱ ይቆጠርለታል» ሲልማ ቀና ብሎ አየኝ። ይየኝ፤ የሱ ቃል የታመነው የኔ አፍ ስለተከፈተ ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ልጅቷ ንባቧ እየዘገየ መጣ።

«የአመልካቹ ሚስት ቀድሞ የሰጠችው ቃል ሐሰት መሆኑን አምናለች። ሁለተኛውን ማኅተም እንዲቀርጽ ባሏን… የገፋፋችው… እሷው መሆኗን ተናግራለች። ሰው ራሱን የሚያዋርድ ታሪክ ሊፈጥር እንደማይችል በማየት፣ ቃሏን እውነት ነው ብለን ተቀብለናል።»

በዚህ አገር አፌን ከከፈትኩ ጀምሮ ከተናገርኩት ሁሉ ያለ ጥርጥር የተቀበሉኝ ይህቺን ብቻ ነው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ መንገዱ ስለፈልፍ ማስረጃ አምጪ ያሉኝ ሰዎች፣ ለክፋቴ ማስረጃ አልጠየቁኝም።

ልጅቷ ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች ቀና አለች። «እማዬ፣ ይቺን ተሳስተው ነው አይደል? የሌላ ሰው ፋይል ገብቶባቸው ነው።»

«አዎ፣ እነሱ አንዳንዴ…» ብሎ ጀመረ ባሌ።

«አልተሳሳቱም» አልኩ።

«እማማ በራፍን?» አለችኝ።

«አዎ።»

 ወንበሯን ወደ አባቷ አስጠጋች፣ ወረቀቱን ወደሱ ዞር አደረገችው፣ የቀረውንም ገጽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእሱ ብቻ አነበበችለት።